ክሪስ ስሚዝ በኮንግረስ እንዴት ድምፅ ይሰጣሉ? ሐበሻ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

አሜሪካ ኖሮ ክሪስ ስሚዝን የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው። የምናውቃቸው ግን በአንድ ቁጥር ነው፤ በ128፣ ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ባቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር። ምርጫ ሲደርስ በየቴሌግራሙና በየዋትስአፑ ግሩፕ ያው ክርክር ይመለሳል። አንዱ "የኛ ወዳጅ አይደሉም እንዴ?" ይላል፣ ሌላው "ኧረ ተው፣ ሪፐብሊካን እኮ ናቸው" ይላል፣ ከዚያ መሰዳደብ ይከተላል። ሁሉም ነገር ተመዝግቦ ተቀምጦ እያለ መሰዳደባችን ያሳዝነኛል። ስለዚህ በብዛት የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ፣ መዝገቡ የሚለውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቀም እናገራለሁ።

ለመሆኑ ሰውየው ማናቸው?

የኒው ጀርሲ 4ኛ ወረዳ ተወካይ ናቸው። ሪፐብሊካን። ኮንግረስ የገቡት በጥር 1981 ነው፣ በ27 ዓመታቸው። እንግዲህ አስቡት፣ ያኔ እኛ አገር ደርግ ነበር። ከዚያ በፊት በኒው ጀርሲ ፅንስ ማስወረድን የሚቃወም ድርጅት ይመሩ ነበር፤ ይህን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ኤች አር 128 ሕግ ነው?

አይደለም። የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ ትክክለኛ ምልክቱም ኤች ሬስ 128 ነው። የተወካዮች ምክር ቤት አቋሙን የሚገልጽበት ወረቀት ማለት ነው። ወደ ሴኔት አይሄድም፣ ፕሬዚዳንቱም አይፈርምበትም፣ ማንንም አያስገድድም። የጸጥታ ኃይሎች ከልክ ያለፈ ኃይል መጠቀማቸውን እንዲያቆሙ፣ የፖለቲካ እስረኞች እንዲፈቱ፣ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ እንዲገባ ይጠይቃል። በደል የፈጸሙ ባለሥልጣናት ማግኒትስኪ በሚባለው ሕግ ማዕቀብ እንዲጣልባቸውም ይጠይቃል። መጠየቅ ነው እንግዲህ፤ ማዘዝ አይደለም።

ይህን ስል "ታዲያ ምን ጠቀመን?" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ። ልጁ የተገደለበት፣ ወንድሙ የታሰረበት ሰው ስሙን የሚያነሳለት ባጣበት ሰዓት፣ ያን ያህል ትልቅ ምክር ቤት "አይተናል" ብሎ መጻፉ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ሕግ ነው እያልን ልጆቻችንን አናሳስት።

ስንት ሰው ደገፈው? ስንት ተቃወመ?

ቁጥር የለም። ይህን ስነግራቸው ብዙዎች አያምኑኝም።

ቀኑ ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ነበር በኛ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2018። ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ገና ስምንተኛ ቀናቸው ነው። የውሳኔ ሐሳቡን ስሚዝ ያቀረቡት በፌብሩዋሪ 2017 ነበርና ከዓመት በላይ ጠብቀናል። ስልኬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ በቀጥታ ስርጭት እያየሁ ነበር። አዳራሹ ሰው ይሞላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወንበሮቹ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ተራ በተራ ተናገሩ። ከዚያ መድረኩን የሚመሩት ሰው "የምትደግፉ አዎ በሉ" አሉ፣ ጥቂት ድምፅ ተሰማ። "የምትቃወሙ አይ በሉ" አሉ። ከዚያ ሁለት ሦስተኛው ደግፏል ተብሎ መዶሻው ተመታ። እኔ ገና ጆሮዬን አቅንቼ ቆጠራውን እጠብቃለሁ። አልቋል ለካ።

ይህ በአፍ ብቻ የሚሰጥ ድምፅ ይባላል። ብዙም አያከራክሩም የተባሉ ነገሮች የሚያልፉት በዚህ መንገድ ነው፤ ክርክሩ 40 ደቂቃ ነው፣ ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል፣ ሁለት ሦስተኛ መሆኑን የሚወስነው ግን የሰብሳቢው ጆሮ ነው። ስም በስም ይመዝገብልን የሚል ካልተነሳ ማን "አዎ" እንዳለ፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን ጭራሹን እንዳልመጣ የሚያሳይ ወረቀት አይኖርም። ስለዚህ "የኛ ወረዳ ተወካይ ለ128 ድምፅ ሰጥተዋል" የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ማስረጃ ሊያመጣ አይችልም። ማስረጃ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ አብረው የፈረሙት ሰዎች ዝርዝር። እሱ ስም በስም ተቀምጧል፣ ከ100 በላይ ናቸው፣ ከሁለቱም ፓርቲ።

ስሚዝ ስለ ኢትዮጵያ መናገር የጀመሩት በ128 ነው?

አይ፣ በጣም የቆየ ነው። ከምርጫ 97 በኋላ፣ በ2005 ክረምት፣ አዲስ አበባ ሄደው አቶ መለስን አግኝተዋል። ያኔ የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። በ2006 ኤች አር 5680 የሚባል ረቂቅ አቀረቡ። እሱ እውነተኛ ረቂቅ ሕግ ነበር፣ ግን ለሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይቀርብ የኮንግረሱ ዘመን አለቀ።

በቀጣዩ ዓመት ዲሞክራቶች አብላጫውን ያዙ። የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይን ደግሞ ኤች አር 2003ን አመጡ። ብዙ ሰው የሚያደበላልቀው እዚህ ላይ ነው፤ 2003 ቁጥሩ ነው እንጂ ዓመቱ አይደለም። በኦክቶበር 2007 ምክር ቤቱን አለፈ፣ እሱም በአፍ ድምፅ፣ ሴኔት ሲደርስ ግን ቆመ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሎቢስት ቀጥሮ ይከራከር ነበር። ከሴኔት ደግሞ የኦክላሆማው ጂም ኢንሆፍ አጥብቀው ተቃወሙት። ኢንሆፍም ኢትዮጵያን እወዳለሁ የሚሉ፣ ደጋግመው የተመላለሱ ሰው ነበሩ። ሁለት ሪፐብሊካኖች፣ ሁለቱም ኢትዮጵያን ወዳጅ ነን ይላሉ፣ አቋማቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ወዳጅነትን በፓርቲ ስም መለካት የማይሠራው ለዚህ ነው።

በወረዳቸው ብዙ ሐበሻ አለ? ካልሆነ ለምን?

ወረዳቸው ሞንማውዝና ኦሽን ካውንቲ አካባቢ ነው። ብዛታችን ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ሚኒሶታ፣ ሲያትል፣ ዳላስ እንጂ እዚያ አይደለም። ስለዚህ ለድምፅ ብለው ነው ማለት ይከብዳል። የሰብአዊ መብት ጉዳይ ለሰውየው የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው። ቻይና በጁላይ 2020 ማዕቀብ ከጣለችባቸው አሜሪካውያን ፖለቲከኞች አንዱ ናቸው፣ ከማርኮ ሩቢዮና ከቴድ ክሩዝ ጋር።

ከሁሉም በላይ እኔ ትልቅ የምለው ሥራቸው ግን በሰው ንግድ ላይ የወጣውን የ2000ውን ሕግ ነው። ክሊንተን የፈረሙት። በየዓመቱ አገሮችን በደረጃ የሚያስቀምጠው የውጭ ጉዳይ ሪፖርት የመጣው በዚያ ሕግ ነው፤ ኢትዮጵያም፣ እህቶቻችን የሚሠሩባቸው የዓረብ አገሮችም በየዓመቱ ይመዘኑበታል። ሰው ቤት ልትሠራ አሜሪካ መጥታ ፓስፖርቷን የተነጠቀች ልጅ ከለላ የምታገኝበት ቲ ቪዛም የዚሁ ሕግ ልጅ ነው። ስለ 128 ከምናወራው አሥር በመቶውን ስለዚህ ብናወራ ስንት እህት መብቷን ባወቀች!

በአሜሪካ ጉዳይ ሁልጊዜ ከፓርቲያቸው ጋር ናቸው?

ብዙውን ጊዜ አዎ። ግን ያፈነገጡባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፣ ትላልቅም ናቸው።

በሜይ 2017 ኦባማኬርን፣ ማለትም የኦባማን የጤና መድን ሕግ፣ ለማፍረስ የቀረበው ረቂቅ 217 ለ213 አለፈ። 20 ሪፐብሊካኖች ተቃወሙ፣ ስሚዝ አንዱ ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የትራምፕ የግብር ሕግ መጣ። 12 ሪፐብሊካኖች ተቃወሙ፣ እሳቸውም አሉበት። ምክንያቱ የኒው ጀርሲ የቤት ግብር ነው፤ ሕጉ ሰው ለስቴትና ለከተማ ከከፈለው ግብር ከ10,000 ዶላር በላይ እንዳይቀነስለት ገደበ፣ ኒው ጀርሲ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ያ ገደብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በ2019 መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ ጀርባው ይጣራ ለሚለው ረቂቅ "አዎ" ካሉት ስምንት ሪፐብሊካኖች አንዱ ነበሩ። በኖቬምበር 2021 የባይደንን የመንገድና የድልድይ ሕግ ከደገፉት 13 ሪፐብሊካኖችም አንዱ ናቸው። የ2020ን ምርጫ ውጤት ለመጣል በቀረበው ተቃውሞ ላይም አብረው አልቆሙም።

ዋጋም ከፍለዋል። የጦር ጡረተኞች ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ለጡረተኞቹ ተጨማሪ ገንዘብ ካልተሰጠ ብለው የገዛ ፓርቲያቸውን መሪዎች ስላስቸገሩ በጥር 2005 ከሰብሳቢነታቸው አነሷቸው።

በሌላ በኩል ትራምፕ ከሥልጣን እንዲነሱ ሁለት ጊዜ በምክር ቤቱ ሲከሰሱ ሁለቱንም ጊዜ ክሱን ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። በጁላይ 2025 ያለፈውን ትልቁን የበጀት ሕግም ደግፈዋል። ያ ሕግ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ይቀንሳል። በ2017 "አይ" ካሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ሜዲኬይድ ነበር። ይህን የሚጠይቃቸው የወረዳቸው ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

በፅንስ ማስወረድ ላይ ያላቸው አቋም እኛን ምን አገባው?

ያገባናል። በጣም።

አቋማቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተለወጠም፤ ፅንስ ማስወረድን የሚቃወሙ የምክር ቤት አባላትን ቡድን ከ1980ዎቹ ጀምሮ በጋራ ይመራሉ። ከእኛ መካከል ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚሄደው ብዙ ሰው በዚህ ይስማማቸዋል፣ የማይስማማም አለ፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ጉዳዩ ኢትዮጵያን የነካው ግን በሌላ በር ነው፤ በፔፕፋር።

ፔፕፋር በ2003 ቡሽ የጀመሩት የኤች አይ ቪ ፕሮግራም ነው። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ናት። ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ፤ የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት መጀመሪያ በገንዘብ ነበር፣ በ1997 በኛ አቆጣጠር ነው በነፃ መሰጠት የጀመረው። ሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ፤ ለቅሶ ቤት የሚሆን ድንኳን ከዕድር ይጠየቅ የተባለላቸው። በጤና ጣቢያ መድኃኒቱን ጀመሩ። በሚቀጥለው ፋሲካ ራሳቸው ዶሮ ይዘው ከገበያ ሲመለሱ አየናቸው፣ በእግራቸው፣ ላብ ፊታቸው ላይ እየወረደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ድረዋል። ፔፕፋር ማለት ለኔ ያ ነው።

ስሚዝ ለዚህ ፕሮግራም ወዳጅ ነበሩ፤ በ2018 ለአምስት ዓመት ያራዘመውን ሕግ ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው። በ2023 እንደገና ሲታደስ ግን ቆም አሉ። የባይደን አስተዳደር በፕሮግራሙ አጋር ድርጅቶች በኩል ፅንስ ማስወረድን እያስፋፋ ነው ብለው ለባልደረቦቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። የፕሮግራሙ ደጋፊዎች "የአሜሪካ ሕግ በዚህ ገንዘብ ያንን ማድረግ ድሮም ይከለክላል" ብለው መለሱ። ክርክሩ ሲጎተት ፈቃዱ በሴፕቴምበር መጨረሻ አለፈበት። በማርች 2024 ለአንድ ዓመት ብቻ ታደሰ። ገንዘቡ በሌላ የበጀት መስመር መምጣቱን ስላላቆመ መድኃኒቱ ያኔ አልተቋረጠም፣ ግን የአምስት ዓመቱ ዋስትና ቀረ።

በወቅቱ በግሩፖቻችን ስለዚህ አንድም መልእክት አላየሁም። 128 ማንንም የማያስገድድ ወረቀት ነው፣ ሲያልፍ ኬክ ቆርሰናል። ይህኛው ጤና ጣቢያ በር ላይ የተሰለፈውን ሰው የሚነካ ነው። ዝም አልን። አውቀን ዝም ያልን አይመስለኝም። ሰውየውን በአንድ ቁጥር ብቻ ስለምናውቃቸው ዓይናችን ወደዚያ አልሄደም።

በስደተኛ ጉዳይስ?

ቀላል አይደለም፣ ግን በአንድ ወሳኝ ድምፅ ብዙ ሰው ይገረማል። በማርች 2021 በሕፃንነታቸው ለመጡ ልጆች መኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ረቂቅ 228 ለ197 ሲያልፍ፣ ከደገፉት ዘጠኝ ሪፐብሊካኖች አንዱ ስሚዝ ናቸው። ሴኔት አላለፈም።

ወደ ቤተሰብ በምንልከው ገንዘብ ላይ ታክስ ያስጣሉት እሳቸው ናቸው?

ብቻቸውን አይደሉም፣ ግን ያ ታክስ ያለበትን ሕግ ደግፈዋል። ከላይ ያልኩት የ2025ቱ ትልቅ ሕግ ነው፣ 218 ለ214 ያለፈው። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሱቅ ሄዶ ለሚልክ ሰው 1 በመቶ ይቆረጣል። ከባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ ዴቢት ካርድ የሚልክ አይቆረጥበትም። እናቶቻችን ግን አሁንም ብሩን በፖስታ ይዘው ሱቅ ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ንገሯቸው።

ከአጎአ (የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት የንግድ ዕድል) ያስወጡን ኮንግረሶች ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ያን የወሰኑት ፕሬዚዳንት ባይደን ናቸው፣ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ። የምክር ቤት ድምፅ አልነበረበትም። በዚያው ጊዜ ሲወራ የነበረው ስለ ኢትዮጵያ የቀረበው ረቂቅ ሕግ፣ ኤች አር 6600፣ ሌላ ነው፤ ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ቶም ማሊኖውስኪ ናቸው፣ ለሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይደርስ ቀረ።

ለ128 ውለታ ብለን ሪፐብሊካን መምረጥ አለብን?

ይህን ጥያቄ በጣም ያሞቀው የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን ጉዳይ ነው። ኮፍማን ከስሚዝ ጋር 128ን የገፉ ሰው ናቸው። ወረዳቸው ውስጥ ባለችው በአውሮራ ከተማ ደግሞ ሐበሻ በብዛት ይኖራል። በኖቬምበር 2018 ከዲሞክራቱ ጄሰን ክሮው ጋር ሲወዳደሩ ማኅበረሰባችን ለሁለት ተከፈለ። "ውለታ ቢስ አንሁን" ያለ አለ። "የልጆቼን የጤና መድን ማን ይጠብቅልኛል?" ያለም አለ። ኮፍማን ተሸነፉ፣ በኋላ የአውሮራ ከንቲባ ሆኑ።

ያኔ ያናደደኝ ሁለቱም ወገን መዝገቡን ከፍቶ አለማየቱ ነው። ቢያይ ኖሮ ኮፍማን በ2017 ኦባማኬርን የሚያፈርሰውን ረቂቅ ከተቃወሙት 20 ሪፐብሊካኖች አንዱ መሆናቸውን ያገኝ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የግብር ሕጉን እንደደገፉ ያገኝ ነበር። ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ውለታ በምስጋና ይከፈላል። ደብዳቤ ጻፉ፣ ለበዓል ጥሩ፣ እንጀራ አብሉ። ድምፅ ግን ለሁለት ዓመት የሚሠራ ሰው መቅጠር ነው፣ የምትቀጥሩትም ለሁሉም ሥራ ነው።

መዝገቡን እኔ ራሴ የት አያለሁ?

ኮንግረስ ዶት ጎቭ ላይ የረቂቁን ቁጥር ጻፉ። ማን አቀረበው፣ ማን አብሮ ፈረመ፣ የት ደረሰ የሚለው ሁሉ ይወጣል። ስም በስም የተሰጠው ድምፅ፣ ሮል ኮል የሚሉት፣ ክለርክ ዶት ሃውስ ዶት ጎቭ ላይ አለ። ሲከፈት ረጅም የስም ዝርዝር ነው፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን "አዎ"፣ "አይ"፣ "ተገኝቻለሁ" ወይም "ድምፅ አልሰጠም" ይላል። "ተገኝቻለሁ" ማለት አለሁ ግን አልወስንም ማለት ነው፣ እንደኛ ድምፀ ተዓቅቦ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስሚዝ የሚባሉ አባላት ብዙ ናቸው። የኛው ሰው ከስማቸው ጎን የኒው ጀርሲ ምልክት አለ። የዋሽንግተን ስቴቱን አዳም ስሚዝን ድምፅ እየጠቀሰ የሚከራከር ሰው አጋጥሞኛል፣ እሱ ዲሞክራት ነው።

ድምፁን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም እዩ። አንዳንዱ ተወካይ ረቂቁ እንደማያልፍ ካረጋገጠ በኋላ ነው "አዎ" የሚለው።

እኔ ዲሲ ነው የምኖረው። ማንን ልጠይቅ?

እዚህ ላይ ያማል። ዲሲ ያላት ተወካይ በኮሚቴ ትናገራለች፣ ረቂቅ ታቀርባለች፣ በሕግ ላይ የመጨረሻውን ድምፅ ግን መስጠት አትችልም። ሴናተርም የላችሁም። ስለዚህ የዲሲ ሐበሻ የሚያየው ሮል ኮል የለም፤ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለው ዘመዱ ግን አለው። የካፒቶል ስልክ 202-224-3121 ነው። ዘመዳችሁ ደውሎ ዚፕ ኮዱን ይናገር፣ ከተወካዩ ቢሮ ጋር ያገናኙታል፣ ከዚያ የረቂቁን ቁጥር ጠርቶ "በዚህ ላይ እንዴት ድምፅ ሰጡ፣ ለምን?" ብሎ ይጠይቅ። በአማርኛ ዘዬ እንግሊዝኛ ቢሆንም ችግር የለም፤ ስልኩን የሚያነሱት ልጆች የደዋዩን ጥያቄ ይመዘግባሉ።